የግራዝማች ውብነህ ሰዓት

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ወሩ ሐምሌ። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ሲወርድ ውሎ ሲመሽ አባራ። ጨረቃ የለም። ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ መንገዱን ሸፈነው። በዚያ ሰዓት ጓንጉል የሚባል ገበሬ ብቻውን መንገድ ወጣ። በትከሻው በጋቢ የተጠቀለለ ሰዓት ተሸክሟል።

ሰዓት ስላችሁ የእጅ ሰዓት እንዳይመስላችሁ። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ በእንጨት ሳጥን ያለ፣ ባለ ደወል ሰዓት ነው። የአጎቱ የግራዝማች ውብነህ ነበር። ይህ ሰዓት ከመቁጠሩ በፊት ይዘምራል። ዜማው መሰላል እንደሚወርድ ሰው ነው። ይወርዳል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይወርድና የመጨረሻዋን እርከን ሳይረግጥ ቀጥ ይላል። በውስጡ ካሉት ትንንሽ መዶሻዎች አንዷ ተሰብራለች። ያችን የጎደለች ድምፅ ማን ይሞላት ነበር? ግራዝማች። በፉጨት። አውድማ ላይም ቢሆኑ፣ አልጋ ላይም ቢሆኑ፣ ሰዓቱ ሲያቆም እሳቸው ይጨርሱለታል።

ግራዝማች ሞቱ። ሰዓቱም ቁልፉን የሚያዞርለት አጥቶ ቆመ።

ልጅ አልነበራቸውም፤ ጓንጉልን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ዘርፌም ሰዓቱ የእሱ መሆኑን አልካዱም። ግን ምን አሉት?

«አርባው ይውጣ፣ ልጄ። ተዝካሩ ሳይበላ የሟች ዕቃ ከቤት አይወጣም። ነፍሱ ገና ቤቱን ትዞራለች።»

«ወንድሞቼ ቀድመው ይወስዱታል።»

«ሰዓቱ እግር የለው፣ ወዴት ይሄድብሃል?»

«እግር ያላቸውስ እነሱ ናቸው።»

ነገሩ ስስት ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ጥሩዓለም አራስ ናት። የመጀመሪያ ልጁ፣ ወንድ፣ ገና ክርስትና አልተነሣም። ልጄ እኔ ባደግሁበት ዜማ ይደግ ብሎ ነው። እትዬ ዘርፌ ላም ሊያልቡ ሲወጡ ሰዓቱን ጠቅልሎ ወጣ። ቁልፉን እንኳ አላነሣም።

ገደሉ አፋፍ ሲደርስ፣ ጋቢው ውስጥ ሰዓቱ ዘመረ። ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ቀጥ አለ።

ጓንጉል «መንገዱ ነቅንቆት ነው» አለ። ከዚያስ ምን አደረገ? ልማድ ነውና የጎደለችውን በፉጨት ሞላት። በጨለማ አይፏጭም። ይህን የማያውቅ አለ እዚህ? እሱም ያውቃል። አፉ ቀደመው።

ትንሽ እንደሄደ ሰዓቱ ደግሞ ዘመረ። ቀጥ አለ። ጓንጉል አፉን በእጁ ያዘ። ከኋላ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ አንድ ፉጨት ጨረሰው።

ዞረ። ማንም የለም። እርምጃውን አፈጠነ።

ሰዓቱ እንደገና ዘመረ። አሁን ፉጨቱ ከጎኑ መጣ። አብሮት ግራዝማች ይስቡት የነበረው የሱረት ሽታ መጣ።

«ግራዝማች?» አለ ቀስ ብሎ።

እሱ በተራመደ ቁጥር አንድ ከዘራ አጠገቡ ጭቃውን ይወጋል። ጨቅ። ጨቅ። ሲቆም ይቆማል።

ደጁ ደረሰ። በሩን ሊገፋ ሲል ጥሩዓለም ከውስጥ ተናገረች።

«ጓንጉል፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማንን ይዘህ መጣህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ እንደ ግራዝማች የሚያፏጨው ማነው? ልጁ ሲያለቅስ ቆይቶ ፉጨቱን ሲሰማ ዝም አለ። በሩን በሩን ያያል።»

እናንተ ብትሆኑ ትገቡ ነበር? ሰዓቱ የገባበት ባለቤቱም ይገባል። ውስጥ ያለው ያልተጠመቀ ሕፃን ነው።

ጓንጉል እጁን ከበሩ አነሣ።

«በሩን ቀርቅሪ» አላት። «እስኪነጋ ለማንም አትክፈች። እኔ ነኝ ብልሽም አትክፈች።»

ተመለሰ። በዚያው ጉም፣ በዚያው ገደል አፋፍ። ከዘራው አሁን ከፊቱ ሆኖ ጭቃውን ይወጋል። እሱ ይከተላል። እትዬ ዘርፌን ኩራዝ ይዘው ደጃፍ ላይ ቆመው አገኛቸው። አልተቆጡትም።

«ግባ» አሉት። «እሱ ገብቷል።»

ሰዓቱን ወደ መደርደሪያው መለሰው። አርባው እስኪወጣ አልነካውም፤ ከወጣም በኋላ አልወሰደውም። ከዚያ ወዲያ በሬ ጠምዶ እንኳ አላፏጨም። እስኪሞት ድረስ በዝምታ አረሰ።