ፋሻው ሲፈታ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ በራሴ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ፀሐይዋ ወጥታ... ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው።

የምሠራው ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸውን አረጋውያን በነፃ በሚያሳክም ድርጅት ውስጥ ነው። ሕሙማኑ ታች ናቸው። እኔ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኜ የድርጅቱን ፎቶዎች በየዓመታቸው እየለየሁ ገጻችን ላይ እጭናለሁ።

እስከ ባለፈው ወር ድረስ ፋሻ የሚፈታው እዚያችው ክፍል ውስጥ ነበር። ፎቶዎቹም እዚያው የተነሡ ናቸው... ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ብርሃን ሲያይ።

የመጀመሪያዎቹን እንደጫንኩ አንድ ሰው ሥሩ ጻፈ።

"ምን አሳይታችኋቸው ነው እንዲህ የደነገጡት?"

ደግሜ አየኋቸው።

እውነቱን ነው። አንዳቸውም አይስቁም። ካሜራውንም አያዩም።

ሁሉም የሚያዩት አንድ ቦታ ነው... ከፎቶ አንሺው ኋላ፣ ግራ ጥግ።

'አስታማሚ ቆሞ ይሆናላ' አልኩ።

የሚቀጥለውን ዓመት ከፈትኩ። ዓይናቸው ከጥጉ ፈቀቅ ብሏል።

የሚቀጥለው... አሁንም ፈቀቅ።

በቅደም ተከተል ባልደረድራቸው ኖሮ መቼም አላስተውለውም። የሆነ ነገር ከጥጉ ተነሥቶ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ፎቶ አንሺው እየመጣ ነው።

የዘንድሮዎቹ የሚያዩት ልክ ከትከሻው በላይ ነው።

እሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ደግሞ... አሁን የእኔ ወንበር ነው ያለው።

ለፎቶ አንሺው ደወልኩለት። "ፍላሽ" ነበር የምንለው፤ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። ባለፈው ወር ነው ድንገት ሥራውን ጥሎ የሄደው።

"ፍላሽ፣ እነዚህ ሰዎች ምንድን ነው የሚያዩት?"



"የት ሆነሽ ነው?" አለ በሹክሹክታ።

"እዚያው ክፍል።"

"ቶሎ ውጪ።"

"ምን ሆነህ ነው?"

"በእናትሽ... ዞር ብለሽ ሳታዪ ውጪ!"

በሩን ሳብኩት። አልከፈት አለኝ።

ቁልፉን አዞርኩት። ይዞራል... በሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው።

ደበደብኩ። ጮህኩ። ታች ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማኛል... እኔን የሚሰማኝ ግን የለም።

ከኋላዬ ወንበሬ ሲጥ አለ። ልክ ሰው ሲነሣበት እንደሚለው።

ግንባሬን በሩ ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። አንገቴ ሥር ቀዘቀዘኝ።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። በሩ ከውጭ ገፋ ሲደረግ ልወድቅ ነበር።

ዘበኛው ናቸው።

"ምነው ልጄ? ክፍት በር ይዘሽ ምን ያስጮህሻል?"

ደረጃውን በሩጫ ወረድኩት።

ታች ነርሷ የአንዲት እናት ፋሻ ፈትታ መጨረሷ ነው። እማማ ነርሷን አዩና ሳቁ። መስኮቱን አዩና "ተመስገን" አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

ሳቃቸው ጠፋ።

"ልጄ..." አሉኝ ቀስ ብለው። "ምንድን ነው ያዘልሽው?"

መልሴን አልጠበቁም። ፋሻውን ከነርሷ እጅ ቀምተው፣ ዓይናቸውን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ።