የእትዬ ቅርጫት

ልጅቷን ያገኘቻት እናቷ ነች።

እናትየዋ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነች። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ እየተጣደፈች፣ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የልጆች መዋያው በር ደረሰች። ሚጡ ከልጆቹ መሀል የለችም። መጸዳጃ ቤትም የለችም። እናትየዋ በጓሮ ዞረች። የስምንት ዓመት ልጇ ከሲሚንቶው ደረጃ ግርጌ በጎኗ ተጋድማለች። አንድ ጫማዋ ወልቋል።

አልጮኸችም። ቁጭ ብላ ጫማውን አጠለቀችላት። ክሩን አሰረችላት። የፖሊስ መርማሪዋ ስትደርስ እዚያው ቁጭ እንዳለች ነበር።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ሁለት ልጆች ይቆዩበታል። የመዋያውን ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። የሰፈሩን ግማሽ ያሳደጉ፣ ቁልፍ ከወገባቸው የማይለይ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ሴት ናቸው።

«ወድቃ ነው» አሉ እትዬ። ዓይናቸው ደም መስሏል። «አሥር ሰዓት ላይ ወደ ጓሮ ስትወጣ አይቻታለሁ። ረዳቴ ታማ ቀርታለች። ሃያ ሁለቱን ይዤ በየት በኩል ልድረስ፣ ልጄ?»

«ጌሟስ?» አለች እናትየዋ ከመሬት ቀና ሳትል።

መርማሪዋ የዚያን ጊዜ ነው ስለ ቅርጫቱ የሰማችው። ልጆቹ በእጅ የሚያዝ ጌም ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ካልሲ ውስጥ የሚደብቅ አለ፤ ዳቦ ሰንጥቆ የሸጎጠም ተይዟል። ስለዚህ ሕግ ወጣ። እንደገቡ ጌማቸውን ቅርጫት ውስጥ ይከታሉ፣ እትዬ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆልፉበታል፣ ወደ ቤት ሲሄዱ ይመልሱላቸዋል።

«ዛሬ አላመጣሁም ብላኛለች» አሉ እትዬ።

«ይዛ ነው የወጣችው» አለች እናትየዋ። «ጠዋት እኔ ነኝ ቻርጅ ያደረግኩላት።»

ጌሙ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተገኘ። የዘበኛው ጎጆ ውስጥ፣ ፍራሽ ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ።

ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው። አፋቸው ከፉጨት ስለማያርፍ ልጆቹ «ጋሽ ፉጨት» ይሏቸዋል። ጣቢያ ውስጥ ግን ከንፈራቸው ደርቆ ነበር።

«ከየት አመጡት?»

«ከበሩ አጠገብ ካለው የቆሻሻ በርሜል።»

«መቼ?»

«ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ይሆናል። ቆሻሻ ልደፋ ስል።»

«ለእትዬ ለምን አልሰጡም?»

«የልጅ ልጅ አለችኝ። የተጣለ መሰለኝ።»

«ሕፃኗ ሞታ ስትገኝስ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈራሁ። ማን ያምነኛል?»

ያመናቸው አልነበረም። የመርማሪዋ አለቃ መዝገቡን ለመዝጋት ቸኮለ። «ጌሙን ሊቀማት ሲል ከደረጃው ገፈተራት፤ በቃ» አለ። በማግስቱ የሰፈሩ ሰው የጎጆውን መስኮት በድንጋይ አረገፈው።

ለመርማሪዋ ግን አንድ ነገር አልዋጥላት አለ። ሽማግሌው ሰርቀው ቢሆን ኖሮ ጌሙን እዚያው ግቢ ውስጥ ያቆዩት ነበር?

በሦስተኛው ቀን አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ጠራት።

«መውደቁ አይደለም የገደላት» አላት። «የጭንቅላቷ ቁስል አልደማም። ከሞተች በኋላ የተፈጠረ ነው። አስም ነበረባት?»

«ነበረባት።»

«ታፍና ነው የሞተችው። ቀሚሷ ላይ በረኪና አለ። የሆነ ጠባብ ቦታ፣ በረኪና የፈሰሰበት ቦታ ነበረች።»

ጓሮው ውስጥ በረኪና የለም። ሚጡ ትንፋሽ ሲያጥራት የምትስበው መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳዋም ኮሪደሩ ላይ ከነበረበት ማንጠልጠያ አልተነካም።

መርማሪዋ ወደ ቤቱ ተመለሰች። ከውስጠኛው ደረጃ ሥር ዕቃ ቤት አለ። መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ የሳሙናና የበረኪና ጠርሙሶች። ሰው ተኮራምቶ ካልሆነ አይቀመጥበትም። መብራቱ የሚበራው ከውጭ ነው። ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔው ጋ» አሉ እትዬ። «ሕፃናት በረኪና እንዳይነኩ።»

«ዛሬ ለምን ታጠበ?»

«ሁልጊዜ ይታጠባል፣ ልጄ። ሙያዬ ነው።»

ማስረጃ አይሆንም። መርማሪዋ ጣቢያ ሄዳ ጌሙን ከፈተችው። መጨረሻ የተነካው በዚያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ጋሽ ፉጨት በአውቶቡስ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ዘጠኝ ልጆች እየመሩ ፌርማታ ነበሩ። መንገድ ያሻገራቸው ትራፊክ ፖሊስ፣ እስከ አሥራ አንድ ተኩል አልተመለሱም አለ። መጨረሻ የተከፈተው ደግሞ ጨዋታ አልነበረም። መልእክት መላኪያው ነው። «ተልኳል» ይላል፤ ጽሑፉ ግን የለም።

ለማን?

የሚጡ ጓደኛ አንዲት ባለ መነፅር ልጅ ነበረች። መርማሪዋ ቤቷ ድረስ ሄዳ፣ እናቷ አጠገብ አስቀምጣ ጠየቀቻት።

«ጌማችሁ መልእክት ይላላካል?»

«ቅርብ ለቅርብ ከሆንን። ቤቱ ውስጥ ካለን ይደርሳል፣ ከግቢ ከወጣን አይደርስም።»

«የዚያን ቀን ጻፈችልሽ?»

«እኔ እንጃ። የእኔ ቅርጫት ውስጥ ነበር። እቤት ስመጣም አልከፈትኩትም። ከዚያ እማዬ ደበቀችው።»

የባለ መነፅሯ እናት ጌሙን ከመደርደሪያ አናት አወረደችው። ሦስት መልእክት ገብቷል። ሦስቱም የተላኩት አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ነው።

«ዕቃ ቤት ነኝ።»

«ትንፋሽ አጠረኝ። መድኃኒቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ለእትዬ ዋሽቻለሁ በይልኝ። ይክፈቱልኝ።»

መርማሪዋ ደጋግማ አነበበችው። ልጅቷን ቀና ብላ ማየት ከበዳት።

እትዬ መልእክቶቹ ሲነበቡላቸው የቁልፉን ዘለላ ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አላመጣሁም ብላ ዓይኔን እያየች ዋሸችኝ» አሉ። «ልብሷ ሥር እንደሸጎጠችው አውቄያለሁ። እውነቱን እስክትነግረኝ አሥር ደቂቃ ትቀመጥ ብዬ ቆለፍኩባት። ከዚያ አንዱ አስመለሰው፣ ሌላው ተፈነከተ፣ ስልክ ጮኸ።»

«አላንኳኳችም?»

እትዬ ቁልፎቹን በጣታቸው ገፋ አደረጉ።

«አላንኳኳችም ወይ?»

«አንኳኩታለች። ይልመድባት ብዬ ተውኳት። ባልዲም ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ዝም ስትል ተኛች ብዬ ደስ አለኝ። ስከፍት በረኪናው ፈሶ ነበር። ልጅቷ አትተነፍስም።»

«ሐኪም አልጠሩም።»

«ከሁለት ዓመት በፊት አንዱን ልጅ ቆልፌበት ወላጆቹ ከሰውኛል። ሁለተኛ ከደገምሽ ቤቱ ይዘጋል ተብዬ ፈርሜያለሁ። ሠላሳ ዓመት የደከምኩበት ቤት ነው። ልጆቹን ፎቅ ላይ ፊልም ከፈትኩላቸውና በጓሮ አወጣኋት። አለቀስኩ፣ እግዜር ያውቃል።»

«ጌሙንስ?»

«ከእጇ ላይ ፈልቅቄ በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ማን እንደሚያነሳው አላሰብኩም።»

«ጋሽ ፉጨት ሦስት ቀን ታስረዋል።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ።

ሽማግሌው በማግስቱ ተፈቱ። ከጎጆው ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ። ድንጋይ ከወረወሩት አንዱም ወጥቶ አልተሰናበታቸውም።

መርማሪዋ የባለ መነፅሯን ልጅ ቃል ለማስፈረም ወደ ቤታቸው ሄደች። እናትየዋ ብዕር ልታመጣ ገባች። ልጅቷ ወንበሩ ላይ እግሯን እያወዛወዘች ቆየችና፦

«ቅርጫት ውስጥ ባልከተው ኖሮ መልእክቷ ይደርሰኝ ነበር?» አለች።

«አንቺ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽ። በሩን የቆለፉት እሳቸው ናቸው።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

መርማሪዋ ወደ በሩ አየች። እናትየዋ ገና አልተመለሰችም። ለሕፃን የሚባል ብዙ ነገር አፏ ላይ መጣ፤ ሁሉንም ዋጠችው።

«አዎ» አለቻት። «ይደርስሽ ነበር።»

ልጅቷ መነፅሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሚጡ ከሞተች ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር፤ አሁን አለቀሰች። መርማሪዋ ከወንበሯ ወርዳ መሬት ላይ ተንበረከከችና አቀፈቻት።