ወድቀው ያውቃሉ?

«እንዳትናገሪ!» አሉ አያቷ፣ የሆስፒታሉ ሽንት ቤት እርጥብ ወለል ላይ እንደተዘረጉ። «አዳለጠኝ እንጂ አልወደቅኩም።»

ልጅቷ ክው አለች። ሲስተሯ «ብቻቸውን እንዳይገቡ» ብላ አስጠንቅቃት ነበር። ግን እሳቸው «ውጪ ጠብቂኝ» አሉ፤ እሷም ሱሪ ሲፈቱ አጠገባቸው መቆም አሳፈራት። በሩን እንደዘጉ ነው የመውደቃቸው ድምፅ የተሰማው። እንደምንም ደግፋ ወደ አልጋቸው መለሰቻቸው። ከጆሯቸው በላይ እብጠት ወጥቷል። ቶሎ ብለው ኮፍያ ደፉበት።

«ነገ ቤቴ ልገባ ነው። ይህን ከሰሙ አይለቁኝም። ዕድሜ ልኩን ተሳቢ የነዳ ሰው ሽንት ቤት ውስጥ ተገለበጠ ይባል? በይ፣ ‹አባባ ይሙት› ብለሽ ማይልኝ!»

«አባባ ይሙት» አለች። ምን ታድርግ? እንዲህ ሲለማመጧት አይታ አታውቅም፤ አንጀቷን በሉት።

ብዙም ሳይቆይ ሲስተሯ መጣች። «አባባ፣ ከመውጣትዎ በፊት የምንጠይቀው ነገር አለ። ያዞርዎታል? ሰሞኑን ወድቀው ያውቃሉ?»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ!»

«ጎሽ!» ብላ ሳቀች ሲስተሯ። «የሚወስዱት መድኃኒት ደም ያቀጥናል። ጭንቅላትዎን ቢመቱ ውስጥ ውስጡን ሊደማ ይችላል፤ ለዚህ ነው የምነዘንዝዎት።»

ልጅቷ ኮፍያቸውን አየች። ብትናገር በሕይወታቸው የማለችውን ልታፈርስ ነው። ዝም ብትል ደግሞ በዝምታዋ ልትገድላቸው ነው። ወይ ጣጣ! አያቷ ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል።

«ሲስተር» አለች። «ወድቀዋል። አሁን፣ ሽንት ቤት። ጭንቅላታቸውን ነው የተመቱት።»

«በገዛ ልጄ ተሸጥኩ!» አሉ አያቷ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ሲቲ ስካን ሲወስዷቸው።

ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ ምንም የደማ ነገር እንደሌለ ተናገረ። ለክትትል ግን ይቆያሉ፤ የነገው መውጣት ቀረ። ልጅቷ እፎይ ልትል ስትል አያቷ ኮስተር ብለው አዩዋት።

«አየሽ? ደህና ነኝ። በከንቱ ነው ያዋረድሽኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማልቀሷን እንዳይሰሙ አፏን በነጠላ ጫፍ ያዘች።

አመሻሹ ላይ አያቷ ቀስ ብለው እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ብድግ ብላ ብብታቸው ሥር ገባች።

«ሂጂ! አንቺን አልፈልግም።»

«እሺ አባባ።»

አልሄደችም። እየተጎተቱ ሽንት ቤቱ ደረሱ፤ አብራቸው ገባች። አያቷ ለረጅም ጊዜ ወለሉን እያዩ ቆሙ።

«ፊትሽን አዙሪ» አሉ በመጨረሻ።

አዞረች። ክንዳቸውን ግን አልለቀቀችም።