የሺህ እጅ በትር

የሰንደራ መንግሥት የመልእክት ግንብ መግል ያመነጨው ንግሥት እልማዳ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ቢጫው ፈሳሽ በድንጋዩ ስንጥቅ ወርዶ ደጃፉ ላይ ሲረጋ፣ የከተማው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሸሸ።

የግንቡ ደብዳቤ አንባቢ ናርዶሳ ግን አልሸሸችም። ዕድሜዋ ገና ሃያ ቢሆንም መግሉ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። በሰንደራ ደብዳቤ የሚጻፈው ሕይወት ባለው ቅጠል ላይ ነው፤ ሳይነበብ የከረመ ቅጠል ይበሰብሳል። ጠላታቸው ጠንቋዩ ቀርሻም ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ በአሞራ መንጋ ሐሰተኛ ደብዳቤ ሲያዘንብባቸው ቆይቷል። «ከሺዎች መካከል አንቺ ብቻ ተመርጠሻል!» ይላል አንዱ። «ውዴ ሆይ፣ ዛሬውኑ መልሽልኝ» ይላል ሌላው። በቀን ሦስት መቶ ታነባለች፤ በቀን አሥር ሺህ ይገባል። ጣቶቿ በአተላ ተለውሰው፣ ትሉ በክንዷ ላይ እየተርመሰመሰ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያቅለሸልሻት ግን ያ የለሰለሰ ሽንገላ ነበር።

የዚያን ዕለት ከክምሩ ሥር አንድ እውነተኛ ደብዳቤ መዘዘች። የጌልማ ተራራ ጠባቂዎች «የቀረን የሦስት ቀን ውሃ ነው፤ ድረሱልን» ብለው ጽፈዋል። ከተጻፈ አርባ ቀን አልፎታል። ጌልማ በቀርሻም እጅ ከተቃጠለች ደግሞ ወር ሆኗታል።

ናርዶሳ ቅጠሉን ይዛ ከግንቡ ወረደች። ንግሥቲቱ ፊት ቀረበች።

«ንግሥት ሆይ፣ የጌልማ ሰዎች ጠርተውን ነበር። ጩኸታቸው እግሬ ሥር ሲበሰብስ እኔ የቀርሻምን ውሸት አነብ ነበር።»

«በአያቶቼ ዘመን የሺህ እጅ በትር ነበረን» አሉ እልማዳ። «የያዘው ሰው አንድ ጊዜ ሲያዝዝ፣ የማይታዩ አገልጋዮች ክምሩን ሁሉ በአንድ ጀምበር ያጸዱት ነበር። ስልቃጥ የሚባለው የረግረግ አውሬ ዋጠው። ሊያስመልሱ የሄዱ ሦስት ጀግኖች እዚያው ቀሩ።»

«እኔን ይላኩኝ። በጌልማ ዐመድ እምላለሁ፤ በትሩን ሳልይዝ አልመለስም!»

የጌልማው ተወላጅ፣ ሽማግሌው ጋሻ ጃግሬ ድርሙስ፣ ጦሩን አንሥቶ ከጎኗ ቆመ።

በሁለተኛው ቀን ስልቃጥን አገኙት። ኮረብታ የሚያህል ገላው በእባጭ ተሸፍኖ፣ አፉን ከፍቶ ፀሐይ እየሞቀ ተኝቷል። ድርሙስ ጦሩን በመንጋጋዎቹ መካከል እንደ ድጋፍ አቆመው። ናርዶሳ ትንፋሿን ይዛ በሚያሙለጨልጨው ምላስ ላይ በደረቷ ተሳበች። በጉሮሮው ውስጥ ሞቃት ልጋግ እስከ አንገቷ ዋጣት፤ እጇ የራስ ቁር ነካ፣ ቀጥሎም ከቁሩ ያልተላቀቀ የሰው ፀጉር። እንባዋን ከልጋጉ ጋር እየዋጠች ዳበሰች፤ በትሩን ጨበጠች።

አውሬው ነቃ። ጦሩ ተሰበረ። ድርሙስ መንጋጋውን በክንዱ ደግፎ «ውጪ!» ብሎ ጮኸ። እሷ ወጣች፤ የድርሙስ ግራ ክንድ ግን እዚያው ቀረ።

ግንቡ እንደደረሱ ናርዶሳ በትሩን አነሣች። «የበሰበሰውን ሁሉ ጣሉ!»

በሺህ የሚቆጠሩ ቅጠሎች ወደ መስኮቱ ተመሙ። በመካከላቸው የእርዳታ ጥሪ የያዘ ቅጠል ሲያልፍ አየችና «ቁሙ!» አለች።

«እኛ እጆች ነን» አሉ የማይታዩት አገልጋዮች። «አንሡ ስትይን እናነሣለን፤ ጣሉ ስትይን እንጥላለን። እውነቱን ከውሸቱ አንለይም። የማንበብ ዕውቀትሽን ስጪን፤ ከሰጠሽን ግን አንመልስልሽም።»

«ልጄ፣ ተዪው» አለ ድርሙስ፣ የታሰረ ትከሻውን ይዞ። «ሌላ መላ እንፈልጋለን።»

«አባ ድርሙስ፣ ሌላ ጌልማ እስኪቃጠል?»

በትሩን ግንባሯ ላይ አስነካችው። «ውሰዱ።»

የቀርሻም ደብዳቤዎች እንደ ጥቁር ጎርፍ በመስኮቱ ወደ ቆሻሻ ጉድጓድ ወረዱ። አራት መቶ እውነተኛ ጥሪዎች በየአገራቸው፣ አጣዳፊው ከፊት ሆኖ ተደረደሩ። ከሁሉ ፊት አንድ ያልጠወለገ ቅጠል ነበር። ድርሙስ አነሣው። የሐርዋን ሸለቆ ሰዎች ቀርሻም በጨው ወንዝ በኩል እየመጣባቸው መሆኑን ጽፈዋል። የንግሥቲቱ ፈረሰኞች በዚያው ሰዓት ገሠገሡ።

በአምስተኛው ቀን ከሐርዋን መልእክት መጣ። ናርዶሳ ቅጠሉን ብታይ፣ በላዩ ጉንዳን የሚርመሰመስ መሰላት። ለድርሙስ ሰጠችው። ሽማግሌው ማንበብ የተማረው በስተርጅና ነበርና፣ በአንድ እጁ ጣት እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበ።

«‹ፈረሰኞቹ ደረሱ። ቀርሻም ወንዙን ሳይሻገር ወደቀ። ልጆቻችን ሁሉ በሕይወት አሉ።›»

ናርዶሳ ዓይኗን ጨፈነች።

«የመጨረሻውን» አለች፣ «እስቲ ይድገሙልኝ።»