ከሎሚ ቅጽ የጎደሉት መስመሮች

ተሻለች ናዝሬት ውስጥ የአንድ የመንግሥት እርሻ ታይፒስት ነበረች፤ ገርባ ደግሞ እዚያው የዕቅድ ክፍል ሠራተኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲወጡ እስከ ቤቷ በር አብረው ይሄዱ ነበር። ሰዉ በሐሜት ከዳራቸው ቆይቷል፤ ከገርባ አፍ ግን አንዲት የፍቅር ቃል አልወጣችም።

በ1974 ዓ.ም. መስከረም ላይ ገርባ የዕለት ሥራ ቅጹን እንዲያሻሽል ታዘዘ። የድሮው ቅጽ አራት ገጽ ነበር። ካቦውም፣ ሾፌሩም፣ የሚዛን ሠራተኛዋም የሚሞሉት ያንኑ ነው፤ ሾፌሩ የራሱን ሦስት መስመር ለማግኘት የሽንኩርቱን ታሪክ ሁሉ ማገላበጥ ነበረበት። ገርባ ለየሥራው አንድ አንድ ገጽ ሊያወጣ አሰበና ሠራተኞቹን ሊጠይቅ ማሳው ወዳለበት ወደ መቂ ተመላለሰ።

ከዚያ ወዲህ የሚዛን ሠራተኛዋ የሎሚ ስም ከአፉ አልጠፋ አለ።

«የጭነት ሰዓትና ፊርማ ከላይ ይሁን አለችኝ። እኔ ሥራ የምጀምረው ከሱ ነው አለች።»

«ጎበዝ ናት» አለች ተሻለች፣ ዓይኗን ከታይፑ ሳታነሳ።

«ጎበዝ ብቻ! ፊደል የቆጠረችው እኮ በመሠረተ ትምህርት ነው።»

አንድ ቀን ሎሚ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የጻፈችበትን ረቂቅ ይዞ መጣ። ፊደሎቹ ትልልቅ ነበሩ፤ ከጎናቸው ቲማቲም የነካ ጣት አሻራውን ትቷል። ተሻለች ሁለት ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ለማጎንበስ ምን ያህል መቀራረብ እንዳለበት አሰበች።

ቅጹ የሚባዛበትን እስቴንስል ስትመታ የሎሚን ሁለት መስመሮች፣ ሰዓቱንና ፊርማውን፣ ዘለለቻቸው። ገርባ እሷን አምኖ ሳያነብ ፈረመ።

አዲሱ ቅጽ ሥራ በጀመረበት ማክሰኞ፣ የእርሻው ዘበኛ ሰዓትና ፊርማ የሌለበትን ጭነት አላሳልፍም አለ። ሦስት የጭነት መኪና ቲማቲም ፀሐይ ላይ ዋለ፤ ማምሻውን ከመኪኖቹ ሥር ቀይ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር።

በማግስቱ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ አብተው ስብሰባ ጠሩ። «ይህ አሻጥር ነው!» አሉ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው ቤቱ መመለሱን እንጃ። ገርባ እስቴንስሉን አየ፤ ቀና ብሎ ተሻለችን አየ። ገባው።

«የዘለልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ተሻለች ተነሳች። «ውሸቱን ነው። የዘለልኩት እኔ ነኝ። አሻጥር አይደለም ጓድ ሊቀ መንበር፤ ቅናት ነው።»

«ምን?»

«የሎሚን ቃል በእጄ መምታት አቃተኝ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ቀስ በቀስ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያዳናት። አብተው ብዙ ካሰቡ በኋላ ስድስት ወር መቂ፣ ሚዛን ቤት፣ ሎሚ ሥር እንድትሠራ ፈረዱባት።

«አካም ጅርታ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት ሎሚ፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ግን ሽንኩርት እየመዘነች፦ «ገርባን ወድጄው ነበር። ነግሬዋለሁም። ናዝሬት አንዲት አለች አለኝ» አለቻት።

«ለእኔ እኮ አልነገረኝም!»

«እሱማ እኔንም ገርሞኛል።»

ቅዳሜ ገርባ በሾፌሩ በአብዱናሲር መኪና የታረመውን ቅጽ ይዞ መጣ። በቀጥታ ወደ ሎሚ ሄዶ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። ተሻለች ሁሉን እያወቀች እንኳ አላስቻላትም። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ለሎሚ የነገርካትን ለእኔም ንገረኝ።»

«ስለ ቅጹ?»

«ገርባ!»

መሬት መሬት አየ። «ፈርቼ ነው» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ በርሽ ላይ ስደርስ ቃሉ ይጠፋብኛል። የምፈልገው አንቺን ነው።»

አብዱናሲር ጡሩምባውን ነፋ። ተሻለች ስትስቅ ሎሚ ፊቷን ወደ ሚዛኑ አዙራ፣ ምንም ያልተጫነበትን ሚዛን ስታስተካክል አየቻት፤ ሳቋ ከንፈሯ ላይ ቀረ።

በግንቦት ተጋቡ። ሎሚ ሠርጉ ላይ አልመጣችም። ተሻለችም ለምን ቀረች ብላ አልጠየቀችም።