መንገድ የሚጠፋበት ተማሪ

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም፤ እፊቴ የሆነ ነው። ስለዚህ ማንም ቢያስተካክለኝ አልሰማውም።

የምሠራው ኮሌጅ ውስጥ፣ ምዝገባ ክፍል ነው። አዲስ ተማሪ ማስረጃውን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኔን መስኮት ነው። ከጎኔ የተማሪ አማካሪዋ ትቀመጣለች፤ የእህቴ ልጅ ናት። በዘመድ ገባች እንዳትሉ፣ እኔን ያስገባችኝ እሷ ናት።

ይቺ ልጅ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። እኛ ጋ የሚመጣው ተማሪ አብዛኛው ሥራ ያለው፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ከትምህርት ከራቀ የቆየ ሰው ነው። ክፍሉ ይጠፋዋል፣ መጠየቅ ያፍራል፣ በዚያው ይቀራል። እሷ ይህን ስታይ ከርማ የራሷን ደንብ አወጣች። የመጀመሪያ ቀን አዲሱን ተማሪ ራሷ ይዛ ክፍሉን፣ ቤተ ሙከራውን፣ ላይብረሪውን ታሳየዋለች። በማግስቱ «ዛሬ ደግሞ አንተ ምራኝ» ትለዋለች። ከመራት ትለቀዋለች፤ ካልቻለ እንደገና ይዛው ትዞራለች።

አንድ ጠዋት አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ ሊመዘገብ መጣ። ረጅም፣ ከሠላሳ ዓመት ያለፈ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግን ኖሮ፣ ያለ ዲፕሎማ ትልቅ ሥራ አላሠራ ስላሉት ኤሌክትሪክ ሊማር ነው። ማስረጃውን ሲያቀብለኝ ዓይኑ ከጎኔ ወዳለው የእህቴ ልጅ መስኮት ሄደና እዚያው ቀረ።

«ጌታው፣ እኔ እዚህ ነኝ» አልኩት።

«ይቅርታ እትዬ» አለኝ። ዓይኑን ግን አላመጣውም።

የእህቴ ልጅ እንደ ደንቧ ይዛው ዞረች። በማግስቱ ምራኝ ስትለው ኮራ ብሎ እየተራመደ ወስዶ የዕቃ ግምጃ ቤት በር ላይ አቆማት፤ የሂሳብ ክፍሌ ይሄ ነው ብሎ። እንደገና አሳየችው። ሌላ ቀን ላይብረሪ ይዟት ሊሄድ መጸዳጃ ቤት ደረሱ። እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ለምን መሰላችሁ? ይኸው ሰው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ግራ የገባቸውን አዳዲስ ተማሪዎች እየሰበሰበ በየክፍላቸው ሲያደርስ አየዋለሁ። ያንን ግቢ ዓይኑን ጨፍኖ ቢዞረው አይስተውም።

ዝም አልኩ። ፍቅር በያዘው ሰው ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ ነው።

የእህቴ ልጅ ግን የምሯን ተጨነቀች። ትምህርቱ እንዴት ነው ስትለው ፊቷን እያየ መልሱ ይጠፋዋል። ቤት ገብተን እራት ላይ እንኳ የምታነሳው የእሱን ነገር ነው። ክፍሉን ማግኘት ያቃተው ሰው ሂሳቡን እንዴት ይዘልቀዋል፣ ሳይወድቅ ላትርፈው አለችኝ። ተይው ይወጣዋል ብላት አልሰማችኝም። ሳትጠይቀው ከሂሳብ ክፍል አውጥታ ማጠናከሪያ ክፍል አዛወረችው። ክፋት አልነበረባትም። ኤሌክትሪክ ክፍል የሚገባ ሰው ግን ያንን ሂሳብ በዚሁ መንፈቅ ካልጨረሰ ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል።

የሰማ ዕለት መጣ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

«እንደማልችል ማን ነገረሽ?» አላት።

«ለአንተው ብዬ ነው። በደንብ ተዘጋጅተህ ለከርሞ ትገባለህ።»

«ፈተና ወድቄያለሁ?»

«አልወደቅክም... ግን ክፍልህን እንኳ እስካሁን ለይተህ አታውቅም።»

ከኋላው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይሰማል። እውነቱን እዚያ ቆሞ እንዴት ብሎ ይናገር?

«አንቺ እንኳ ትችላለህ ትይኛለሽ ብዬ ነበር» ብሎ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። ከዚያም ወዲያ አልመጣም።

የክፍል ለውጥ የሚያበቃው ዓርብ ነው። ሐሙስ ጠዋት አንዲት አዲስ ተማሪ፣ የልጆች እናት፣ መስኮታችን ጋ መጥታ ያ ክፍል የሚያሳየን ረጅሙ ሰውዬ የት ጠፋ ብላ ጠየቀች። እሱ ባይኖር የመጀመሪያውን ቀን ተመልሼ ወደ ቤቴ ነበር የምሄደው አለች።

የእህቴ ልጅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መስታወቴን መጥረግ ጀመርኩ።

«አክስቴ፣ ታውቂ ነበር?»

«ከአንቺ በቀር የማያውቅ የለም» አልኳት።

ጃኬቷን አንስታ ወጣች። እኔም መስኮቴን ዘግቼ ተከተልኳት፤ ይሄ ነገር ያመልጠኛል እንዴ?

ሲመዘገብ ባስጻፈው አድራሻ ሄደን፣ የሚጠግንበት ሱቅ ውስጥ በሩ የተነቀለ ፍሪጅ ሥር ተንበርክኮ አገኘነው።

«መንገዱን ታውቀዋለህ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። «አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ካወቅኩ ትለቂኛለሽ... አብረሽኝ አትሄጂም።»

የእህቴ ልጅ ዓይን እንባ ሞላ። እኔ አሁን አቀፈችው ስል፣ «ለዚህ ብለህ ነው ወንበርህን የምታጣው?» አለችው። «ተነስ፣ እጅህን ታጠብ!» ከዚያ ድምጿ ረገበ። «ሳልጠይቅህ ማዛወር አልነበረብኝም። በእኔ ጥፋት አንተ አትቀርም።»

ይዛው ኮሌጅ ተመልሰን የሂሳብ መምህሩ ጋ ገባን፤ ደረቅ ሰው ናቸው። ከክፍሌ የወጣ አይመለስም ብለው ድርቅ አሉ። እሷ ግን ወይ ፍንክች። ተማሪው በፈቃዱ እንዳልወጣ፣ ያወጣችው እሷ እንደሆነች ነገረቻቸውና አሁኑኑ እንዲፈትኑት ለመነቻቸው። ጠመኔውን ሰጡት። እኛን ውጪ ጠብቁ ስላሉን በበሩ መስታወት እናያለን። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሠራው። ሁለተኛው ላይ መሀል ደርሶ ቆመ። የእህቴ ልጅ ክንዴን ይዛ ጥፍሯን ቀበረችብኝ። ሰውዬው የጻፈውን በሙሉ አጠፋ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ከላይ ጀመረ። መምህሩ እስከ መጨረሻው ተከታትለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ነገ ጠዋት እንዳታረፍድ» አሉት። «ክፍሉን መቼም ታውቀዋለህ።»

ኮሪደሩ ላይ ሊያመሰግናት ሲል አስቆመችው።

«ከዛሬ ጀምሮ አማካሪህ እኔ አይደለሁም። ባለ ጢሙ ባልደረባዬ ይይዝሃል።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «አስቀየምኩሽ?»

«ከማማክረው ተማሪ ጋር ሻይ መጠጣት አልችልም። ከሌላ ሰው ተማሪ ጋር ግን...»

አልጨረሰችውም። ማስጨረስም አላስፈለገም።

ሻዩ መንፈቁን ሙሉ ቀጠለ። ሂሳቡንም በጥሩ ውጤት አለፈ። ውጤት የተለጠፈ ዕለት መስኮቷ ጋ ቆሞ «ዛሬ የምሬን ልምራሽ» አላት፤ እናቱ ጋ ሊወስዳት ነው። አክስቴ ካልመጣች አልሄድም አለች። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ተነስቻለሁ።

ሰፈሩ ስንደርስ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ከፊታችን ይራመዳል። በአንድ ልብስ ሰፊ በር አልፈን በአንዱ ቅያስ ገባን፣ በሌላው ወጣን፣ ተመልሰን ያው ልብስ ሰፊው በር ላይ ተገኘን። እንደገና ዞርን። ልብስ ሰፊው ሰላም ብሎን ነበር፤ አሁን መሳቅ ጀመረ።

«ልማድህ አለቀቀህም?» አለችው።

ግንባሩን አልቦታል። «የእውነት... ጠፋብኝ» አለ። ተወልዶ ያደገበት ሰፈር!

ከኋላችን በር ተከፈተ። እናቱ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። «አንተ ልጅ፣ እንግዶቹን ይዘህ ስትመላለስ እያየሁህ ነው፤ የት ልትወስዳቸው ነው?» አሉት። ከዚያ የእህቴን ልጅ አዩና ፊታቸው ፈካ።

«ክፍል የምታሳየው ልጅ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

እሱ እንደ ተገተረ ነው። ሄዳ እጁን ያዘችው።

«ና፣ እኔ ልምራህ» አለችውና ወደ ገዛ እናቱ ቤት ይዛው ገባች። እኔም ተከተልኳቸው።