የሙልጉ ፊት

በሃሙራ ደሴቶች ክፉው ምልክት መጀመሪያ የታየው በንጉሥ ኦሩካ ፊት ላይ ነበር። በግራ ጉንጫቸው የሚጠመዘዘው የንቅሳት መስመር ጎሕ ሲቀድ ደበዘዘ፤ ፀሐይ ስትወጣ ፈጽሞ ጠፋ። ንጉሡ በሸንጎው ፊት ቆመው እንደ ልማዳቸው የአባታቸውን ስም ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ስሙ ግን አልመጣላቸውም። የማን ልጅ እንደሆኑ ጠፋባቸው።

ሕዝቡ ወደ ነቃሾች ቤት ሮጠ። የመጀመሪያዎቹ አባቶች ከዓሣ ነባሪ አጥንት የጠረቡት መሮ፣ የሃሙራ ንቅሳት ሁሉ የተጀመረበት፣ ከቦታው የለም። ወለሉ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ዱካ ያለ እርጥብ መስመር ተጋድሟል።

«ሙልጉ ነው» አሉ ሽማግሌው ነቃሽ ታርዋን። «በረመጥ ደሴት የሚኖር፣ ፊት የሌለው ፍጡር። መሮው በእጁ እስካለ ድረስ የሁላችንንም መስመር ይስባል።»

ኔሪማ የምትባል ጀልባ ሠሪ ወጣት ከሸንጎው መካከል ተነሣች። እኩዮቿ ሁሉ አገጫቸውን ሲነቀሱ የእሷ ብቻ ልሙጥ ነበር። ሕመሙን ፈርታ አይደለም። ነቃሾች የመስመሮቹን ትርጉም አስቀድመው አይናገሩም፤ እሷ ደግሞ «የማላውቀውን ነገር ፊቴ ላይ አልሸከምም» ብላ እምቢ ስላለች ነው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ከእኔ ፊት የሚሰረቅ የለም። እኔ ልሂድ» አለች።

ታርዋን በትራቸውን ይዘው ከጎኗ ቆሙ። «የአያቶቼን አጥንት ያቀፈው ባሕር ይስማኝ፤ መሮው ሳይመለስ እኔም አልመለስም።»

ዶሩ የተባለ ብርቱ ቀዛፊ ታንኳ ሊቀዝፍላቸው አብሯቸው ወጣ። ባሕሩ እንደ ሜዳ ሲረጋ ኔሪማ ጥያቄዋን ጀመረች።

«ግንባርዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የቅድመ አያቴ ነው። ጀልባዋ ሲሰበር ልጆቿን አዝላ በዋና የወጣች ሴት ናት። ግራ ጉንጬ የአባቴ ወገን፣ ቀኙ የእናቴ ነው። ያየኝ ሰው ከየት እንደመጣሁ ያነባል።»

«ሌላ ሰው ወዶት ቢነቀሰውስ?»

«የሰውን አባት አባቴ ነው እንደማለት ነው። ሌብነት ነው።»

«አመመዎት?»

«እንዴት አያመኝ። ፊቴ አብጦ ማኘክ አቅቶኝ ሾርባ ያንቆረቁሩልኝ ነበር። ዘመዶቼ ግን ከብበውኝ ይዘፍኑ ነበር። ያለ ዘፈን ማንም አይነቀስም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አስቀድማችሁ አትነግሩንም?»

ታርዋን ጺማቸውን አሻሹ። «እንጃ። ለእኔም አልነገሩኝም ነበር።»

ወደ ረመጥ ደሴት ሲጠጉ ባሕሩ ይፈላ ጀመር፤ ክንፋቸው ፍም የሆነ አሞራዎችም ወረዱባቸው። ዶሩ ክንዱ እየተቃጠለ በመቅዘፊያው መለሳቸው። ዳር ሲደርሱ ግን ቀኝ ጉንጩ ልሙጥ ሆኖ ነበር። «የእናቴ ስም ማን ነበር?» እያለ ደጋግሞ ጠየቃቸው። የሚያውቅለት አልነበረም።

ሙልጉ በዋሻው ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ግዙፍ፣ ነጭ፣ ዓይንም አፍም የሌለው። መሮውን ይዞ የገዛ ፊቱን ይቧጥጣል፤ ቁስሉ ወዲያው ይገጥማል። ዶሩ ጦሩን አነሣ።

«ቆይ» አለችው ኔሪማ፤ ወደ ፍጡሩም ቀረበች። «ምን ልታደርግበት ነው የወሰድከው?»

ድምፁ ከደረቱ ወጣ። «ፊት ልሠራበት። መስመሩን ሁሉ እስባለሁ፤ እኔ ላይ ሲደርስ ይጠፋል።»

«የማን ልጅ ነህ?»

«የማንም።»

ኔሪማ ወደ ታርዋን ዞረች። «የተሰረቀ መስመር አይጸናበትም ማለት ነው። የተሰጠስ?»

ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «የተሰጠ ይጸናል። ሰጪው ላይ ግን አይቀርም።» ከዚያ በፍጡሩ ፊት ተቀመጡ። «መሮውን ስጠኝ፤ ፊት እሰጥሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ወገኔ ነህ፤ ወገን ደግሞ በወገኑ ላይ እጁን አያነሣም። ትምላለህ?»

«እምላለሁ።»

ኔሪማ ክንዳቸውን ያዘች። «ልጆችዎንም ይረሳሉ እኮ።»

«እነሱ አይረሱኝም» አሉና መሮውን ተቀብለው ፊቱ ላይ አሳረፉ።

በሙልጉ ፊት ላይ አንድ መስመር ሲቀረጽ ከታርዋን ፊት አንዱ ይጠፋል። ኔሪማና ዶሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዘፈኑላቸው። የግንባሩ መስመር ሲሄድ ታርዋን መሮውን አቁመው ዙሪያቸውን አዩ።

«ምን እየሠራሁ ነበር?»

«ትንሽ ቀርቶዎታል» አለቻቸው ኔሪማ፣ እንባዋን እየዋጠች። እጃቸው ሥራውን ያውቅ ነበርና ቀጠለ።

መሮው ከሙልጉ እጅ ወጥቷልና በዚያች ሰዓት በሃሙራ ደሴቶች የተሰረቁት መስመሮች ሁሉ ወደየባለቤታቸው ተመለሱ፤ ዶሩም በዋሻው አፍ ቆሞ የእናቱን ስም ጮክ ብሎ ጠራ። ንጉሡ ለተመለሱት ጀግኖች ታላቅ ግብር አበሉ። የታርዋን ልጅ ሴልዋ ግን ከወደቡ አልራቀችም። የአባቷን ልሙጥ ፊት አየች፤ ግንባሯን ከግንባራቸው አስነካች።

«የማን ልጅ ነሽ፣ እመቤቴ?» አሏት በትሕትና።

«የእርስዎ።»

ኔሪማ በዚያው ወር አገጯን ተነቀሰች፤ የነቀሷትም ታርዋን ናቸው። እያንዳንዱ መስመር ከመቆረጡ በፊት የእናቷ ወገኖች ትርጉሙን እየነገሯት ነበር።

ሴልዋ ደግሞ ታንኳ ላይ የደረቀ ዓሣና ስኳር ድንች አስጫነች። «ሙልጉ ወገናችን ከሆነ ብቻውን አይተውም» አለች። አባቷን ይዛ ከኔሪማና ከዶሩ ጋር ወደ ረመጥ ደሴት ሄደች። አሞራዎቹ አልነኳቸውም። ሙልጉ እስከ ዳርቻው ወርዶ ተቀበላቸው፤ ከታርዋን ፊት ለፊት ተቀመጠና ጣቱን ከራሱ ጆሮ ሥር በተቀረጸው የታርዋን መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይህ አያትህ ነው። ማዶ ያለችውን ሴት ለማግባት ማዕበሉ እስኪበርድ አልጠበቀም፤ ብቻውን ተነሥቶ ቀዘፈ።»

ታርዋን ወደ ፊት አዘነበሉ። «ደረሰ?»

«ደረሰ» አለ ሙልጉ። «ባይደርስ ኖሮ አንተም እኔም አንኖርም ነበር።»